የባዶው ገንዳ ጉርምርምታ

ካሳሁን ሲገኝ ከወገቡ ታጥፎ፣ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሁለት እግሮቹ ወለሉ ላይ ነበሩ። ጫማው እንኳ አልወለቀም። ገንዳው ከመስታወት የተሠራ፣ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አራት ጎረምሳ የማያነሣው ነበር፤ ውስጡ ግን አንድም ዓሣ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ነው የቆየው፤ ውሃ ብቻ፣ መብራት ብቻ፣ ከሥሩ ደግሞ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ።

ይህ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐሙስ ቀን ነው።

ሟቹ የጌጥ ዓሣና የዓሣ ገንዳ ሻጭ ነበር። ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ በሆነ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። በየጠዋቱ ወደዚያ ባዶ ገንዳ ይጠጋና ከትንሽ ጠርሙስ ጠብታ እየቆጠረ እያንጠባጠበ፣ «ብሉ እንግዲህ» ይል ነበር። ለማን? የሚታይ ፍጡር የለም። ሰፈሩ የራሱን መልስ አበጀ፤ ካሳሁን ጅን ይቀልባል። አንዷ ጎረቤት ጅኑ ሲያገሳ ሰምታለች። ሌላዋ ሲያስነጥስ ሰምታ «ይማርህ» ብላዋለች። የሞቱ ወሬ በራክሻ፣ በባጃጅ፣ ተሳፍሮ ሳጃና ሰፈር ካፌዎች ሲደርስ ደግሞ ጅኑ ሦስት ክንድ ጅራት አብቅሎ፣ የካሳሁንን የእጅ ሰዓት ፈትቶ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይቶ ነው ሰውየውን የጎተተው። አርብ ጠዋት ፖሊስ ሰዓቱ በሟቹ እጅ ላይ እንዳለ ሲናገር፣ «መልሶለት ነው» ተባለ።

ነቂብ አብዱልወሃብ ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መኮንን ነው። ጅን መክሰስ አልቻለም፤ የክሱ ቅጽ የአባት ስም ይጠይቃል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የተገኘችውን ሰው ያዘና ስልክ ደወለ።

«ሲት ስንቅነሽ፣ ቶሎ ነዪ» አለ በዐረብኛ። «ገዳይዋን ይዣለሁ። ያንቺ ሥራ መተርጎም ብቻ ነው።»

ስንቅነሽ ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ካርቱም ላይ ግን አስተርጓሚ ናት፣ ኢትዮጵያዊ በታሰረ ቁጥር የምትጠራ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ዓይኗ ግን አንድም ቀን ታሞባት አያውቅም።

«ገዳይዋ ማን ናት ጀናቡ?»

«የቤት ሠራተኛው፣ ዘሊካ። ‹በኔ ምክንያት ነው የሞተው› ብላለች። ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ ሴቶች እስር ቤት እልካታለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ቅጣቱን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ገመድ ነው።

ቤቱ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ገንዳው ግን መብራቱን አብርቶ፣ እያጉረመረመ፣ እንደ ቤቱ ጌታ ተቀምጧል። ሁለት ፖሊሶች ጀርባቸውን ላለመስጠት ሲሉ በፊቱ እንደ ሸርጣን በጎን ይራመዳሉ። አንደኛው በከንፈሩ ቁርኣን ይቀራል።

ስንቅነሽ መጀመሪያ ያየችው ወለሉን ነው። ንጣፉ ታጥቦ ታሽቶ ያበራል፤ ገንዳው ፊት ሲደርስ ግን አንድ ክንድ ያህል አቧራ በግማሽ ክብ ቀርቷል። የፖሊስ ጫማ ቢረጋግጠውም የስድስት ሳምንት አቧራ መሆኑ ያስታውቃል።

«ሬሳውን አሳየኝ ጀናቡ።»

አብዱልወሃብ ስልኩን አወጣ። በፎቶው ላይ ከካሳሁን ቀኝ ጆሮ ጀርባ እስከ አንገቱ ክብ ክብ ምልክቶች ይታያሉ። እያንዳንዱ የካፖርት ቁልፍ ያህላል፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ መሐሉ ነጥቷል።

«ፖሊሶቼ የጅን ጣት ነው ይላሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስንት ጣት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያው አንድ ጎሎታል። መንገድ ላይ እጅ እጅ እያያችሁ ያዙት።»

ነቂቡ ሊስቅ አለና ገንዳው ትዝ ብሎት ተወው።

ዘሊካ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። የወረባቦ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ሻሿ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወድቋል፤ በታሰረ እጅ መመለስ አልቻለችም። ስንቅነሽ አስተካከለችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ወላሂ አልገደልኩትም።»

«በኔ ምክንያት ነው ያልሽውስ?»

«የእህቴን ፎቶ ስለሰጠሁት ነው። ፋሪሃን። በመተማ በኩል ስትመጣ ካርቱም ሳትደርስ ቀረች፤ አንድ ዓመት አለፋት። ድንበሩን እንደተሻገረች ከገላባት ደውላልኝ ነበር። ‹ደላላችንን ፉጨት ነው የምንለው፣ በወሬው መሐል ሁሉ ያፏጫል› ብላ ስትስቅ ነበር። ይህን ለጋሼ ካሳሁን ነገርኩት። የሐበሻ ሰው ብዙ ያውቃል ብዬ ነው። ፎቶውን ተቀብሎ ደብተሩ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወዲህ፣ አሥር ቀን ሙሉ፣ የሠራሁለትን እንዳለ ይመልሰዋል።»

«ገንዳውንስ ለምንድነው የማትጠጊው?»

ዘሊካ ወደ ሱቁ በር አየች።

«ውስጡ ናታ።»

«ማን?»

«ፋሪሃ። ከበሩ ሆኜ ሳይ ፊቷ መስታወቱ ውስጥ አለ። ዓይኗ፣ አፏ፣ ምኗም አልቀረም። አትባራን ሲሻገሩ ወንዝ ወስዷት መሆን አለበት። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ‹ብሉ› ሲል እሷን የሚያበላት ይመስለኝ ነበር። በልቤ እመርቀው ነበር እትዬ። አጠገቡ ግን አልደርስም። እጄን ብትይዘኝስ?»

ስንቅነሽ በበሩ በኩል አሻግራ ተመለከተች። መስታወቱ ላይ የሁለቱም ፊት ደብዝዞ ይታያል፤ የዘሊካ ከውሃው በላይ ሳይሆን ከውሃው ውስጥ የሚያይ ይመስላል።

«ትናንት ምን ሰማሽ?»

«ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነበር። ጉርምርምታው በአየር መውጫው እስከዚያ ድረስ ይሰማል። የአስር ሶላት አዛን እንዳለቀ ዝም አለ። ከትናንት በፊት እንዲህ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም። ሁለት ገመድ ልብስ እስክሞላ ዝም እንዳለ ቆየና እንደገና ጀመረ። ስወርድ ጋሼ እንደዚያ ሆኖ...»

«መብራት ሄዶ እንዳይሆን?»

«የሙከይፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ሞተር ጣራው ላይ፣ እጎኔ ነበር። እሱ አልቆመም።»

«ይህን ለነቂቡ ነገርሽው?»

«ጅኑ ዝም ብሎ ነበር አልኩት። ሳቀብኝ።»

ኑርሁሴን አርባ ዓመት የሞላው፣ የሱቁ ዓሣ አዋቂ ነው። ወላጆቹ ከወሎ፣ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ካርቱም ስለሆነ አማርኛው በአንድ እግሩ ያነክሳል።

«ጅን ማፊ፣ የለም!» አለ ተቆጥቶ። «ባክቴሪያ ነው። አዲስ ውሃ ዓሣ ይገድላል፣ ያኒ፣ ዓሣ ይሸናል፣ ሽንቱ አሞኒያ፣ አሞኒያ መርዝ። ይህን መርዝ የሚበላ ትንሽ ፍጥረት አለ፤ በዓይን አይታይም። እሱ እስኪበዛ ዓሣ አናስገባም። በየቀኑ አሞኒያ እንሰጠዋለን። ይበላል፣ ይወልዳል። ስድስት ሳምንት!»

«የት ነው የሚኖረው?»

ከገንዳው ሥር የተቀመጠውን ባልዲ የመሰለ ማጣሪያ አሳያት። «እዚህ። የሚያጉረመርመው ሞተሩ ነው። ውሃ ይገባል፣ መጀመሪያ ስፖንጅ ቆሻሻ ይይዛል። ከዚያ በመረብ ከረጢት የሸክላ ቀለበት አለ። ሸክላው ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ለፍጥረቱ ቤት ነው። ሰው ርካሽ ጠጠር አምጥቶለት ነበር፣ ካሳሁን እምቢ አለ። የከሰል ፍርፋሪም እምቢ። ‹ሽታ ይይዛል እንጂ አያሳድርም› ይላል።»

ከገንዳው ጎን አንድ ደብተር ተቀምጧል። ካሳሁን በየቀኑ የውሃውን ምርመራ ጽፎበታል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ቢጫ።

«አረንጓዴ መርዝ አለ ነው» አለ ኑርሁሴን። «ቢጫ ሁሉን በልተዋል ነው። ትናንት ጠዋት አብረን ለካን፣ ቢጫ! ካሳሁን አቀፈኝ። እንደገና አሞኒያ ሰጠ፣ ቅዳሜ ዓሣ እናስገባለን አለ። የሞተሩን ማጥፊያም ያን ጠዋት ከግድግዳው ነቅለን ቁም ሳጥኑ ጀርባ አደረግን፣ የደንበኛ ልጆች ይነኩታል። ከቀትር በፊት ወደ ኦምዱርማን ሄድኩ፣ የደንበኛ ገንዳ ላጥብ። ስመለስ ፖሊስ በር ላይ ነው።»

«አሁን ለካልኝ።»

ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳ፣ ጠብታውን ጨመረ፣ ነቀነቀ። ጠበቁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ ሆነ።

ኑርሁሴን ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ሞተዋል!» ብሎ በዐረብኛ ጮኸ። «ሁሉም ሞተዋል!»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክው አለ። «ስንት ናቸው?»

«ቢሊዮን!»

ፖሊሱ ቀበቶውን አጠበቀና ለእርዳታ ማንን እንደሚጠራ ማሰብ ጀመረ።

ስንቅነሽ ሞተሩን አስጠፍታ ማጣሪያውን አስከፈተች። ስፖንጁ ከላይ ነበር፣ ከረጢቱ ከታች፣ ሁሉም በተራው። ኑርሁሴን ከረጢቱን በሁለት እጁ አነሣው፤ ሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል። ስድስት ሳምንት ኖረው ቡናማና ዝልግልግ ነገር የለበሱ መሆን የነበረባቸው ቀለበቶች እንደ ጥርስ ነጥተዋል። በረኪና ይሸታሉ። ስንቅነሽ አንዱን ቀለበት አውጥታ በነቂቡ ስልክ ፎቶ ላይ አስቀመጠችው፣ ፎቶውን አሳነሰች፣ አሳደገች፤ ቀለበቱን ኪሷ ከተተችና «ዝጋው፣ አስነሣው» አለች።

የካሳሁን ታናሽ ወንድም ሚልዮን ከሰዓት በኋላ መጣ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጥቁር ለብሷል፤ የሱሪው ጉልበት ላይ ግን ጥቁሩ ለቅቆ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

«እግዜር ያጽናህ ወንድሜ።»

«አሜን እትዬ።»

«ትናንት በአስር ሰዓት... በሶላቱ ጊዜ ማለቴ ነው፣ የት ነበርክ?»

«ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ዕቃ ስገዛ። ሃፍላ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የተደወለልኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ስምንት ቀን አልፎኛል።»

«ገንዳውን አንተ ነህ የሠራኸው አሉ።»

«ቧንቧውንና ማጣሪያውን። ወንድሜ የማይታይ ከብት ያረባ ነበር፤ እኔ በረቱን ሠራሁለት።» ሳቀ፤ ከዚያ ሐዘንተኛ መሆኑ ትዝ አለውና ፊቱን መለሰው። በከንፈሮቹ መሐል ቀጭን ፉጨት ወጣ። ራሱ የሰማው አይመስልም።

«ሱሪህን ምን ነካው?»

«የባትሪ አሲድ። ሥራችን ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።»

መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ስንቅነሽ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ውጭ የእስር ቤቱ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ዘሊካ በሁለት ፖሊሶች መሐል ግድግዳው ሥር፣ ከገንዳው በጣም ርቃ ቆማለች። ኑርሁሴን ወንበር ላይ ተኮማትሯል። አብዱልወሃብ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ስንቅነሽ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ ነበር የምትናገረው።

«ኤጭ፣ ይሄ ጉርምርምታ ራሴን አመመኝ» አለች መጀመሪያ። «ሚልዮን፣ እስቲ አጥፋልኝ የኔ ወንድም።»

ሚልዮን ተነሣ። ክንዱን ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሰደደና ቀጭ አደረገው።

ዝምታው ክፍሉን ሞላው። ስድስት ሳምንት ከግድግዳው ጋር የኖረ ድምፅ ሲቆም ግድግዳው ራሱ የራቀ መሰለ። ቁርኣን የሚቀራው ፖሊስ አፉን ዘጋ። ዘሊካ በታሰሩ እጆቿ ጆሮዋን ለመያዝ ታገለች።

«እንደዚህ ነው ትናንት ዝም ያለው» አለች ስንቅነሽ። «ይህች ልጅ ጅኑ ዝም አለ ስትል ሳቃችሁ። እሷ ግን የሰጠችን ሰዓት ነው። መብራት አልሄደም፤ ሙከይፉ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ሰው አጠፋው። እኔ እንደሚመስለኝ ያጠፋው ካሳሁን ራሱ ነው፤ ዓሣ ከማስገባቱ በፊት ማጣሪያውን ሊያይ ከፍቶ፣ የቀለበቱን ከረጢት አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ሰው መጣበት።»

ቀለበቱን ከኪሷ አውጥታ ለነቂቡ ሰጠችው።

«ይኸውልህ የጅንህ ጣት። ልኩን በፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። በውሃ የራሰ የሸክላ ቀለበት የሞላበት ከረጢት ጡብ ነው። ካሳሁን ጀርባውን ሲያዞር ጆሮው ሥር አረፈበት። ከዚያ ገዳዩ ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ ከተተ፣ ጅን እንዲባል። ከረጢቱ ግን ደም ነክቶታል። ወጥ ቤት ወስዶ በቧንቧ ውሃና በበረኪና አጥቦ፣ በተራው መልሶ፣ ሞተሩን አስነሣው። እንዳልተነካ እንዲመስል።»

«በረኪና የሠራተኛዋ ዕቃ ነው» አለ አብዱልወሃብ።

«ወለሉን እይ ጀናቡ። ቤቱን ሁሉ አጥባ እዚያ ግማሽ ክብ ላይ ስትደርስ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትመለስ ኖራለች። መጥረጊያ ያላስጠጋች ልጅ እጇን እዚያ ውስጥ ከትታ ማጣሪያ ትፈታለች? ፈትታስ ተራውን ጠብቃ ትመልሰዋለች?»

ነቂቡ ወደ ኑርሁሴን ዞረ።

«እሱ ተራውን ያውቃል» አለች ስንቅነሽ። «ግን ቀለበቶቹን በበረኪና ማጠብ ማለት በውስጣቸው ያሉትን ፍጥረቶች መግደል እንደሆነም ያውቃል። እሱ ቢሆን በገንዳው ውሃ አለቅልቆ ይመልሳቸው ነበር፤ ዛሬ ጠዋትም ብልቃጡ ቢጫ ይሆን ነበር፣ እኔም ምንም ባላወቅሁ ነበር። ኑርሁሴን ተናዶ ሰው ይገድል ይሆናል፤ እነዚያን ግን አይገድልም።»

«ወላሂ አልገድልም» አለ ኑርሁሴን፣ የትኛውን እንደማለ ሳይታወቅ።

«ስለዚህ የምንፈልገው ማጣሪያውን መፍታትና መግጠም የሚችል፣ በማይታየው ከብት ግን የማያምን ሰው ነው። በረኪና የሱሪውን ጥቁር ያስለቀቀው ሰው። ትናንት ሞተሩን መልሶ ሲያስነሣ ደግሞ ማጥፊያውን የት እንዳለ ፈልጎ ያገኘ ሰው።» ወደ ሚልዮን ዞረች። «ማጥፊያው ከግድግዳ ላይ የተነሣው ትናንት ጠዋት ነው። ስምንት ቀን እዚህ ቤት ያልገባህ አንተ አሁን በቀጥታ ቁም ሳጥኑ ጀርባ እጅህን ስትልክ ሁላችን አይተናል።»

«ገምቼ ነው» አለ ሚልዮን።

«ግድግዳውን እንኳ አላየኸውም።»

«የገዛ ወንድሜን ለምን ብዬ!»

ስንቅነሽ ከካሳሁን ደብተር መሐል ያገኘችውን የፋሪሃን ፎቶ አውጥታ ፊቱ ያዘችለት። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፣ ለፎቶ አንሺው የምትስቅ ልጅ ናት።

ሚልዮን አየ። ከንፈሩ ሳያስበው ተጠጋጋ፣ ቀጭኑ ፉጨት ጀመረ፣ ግማሽ ላይ ተቆረጠ።

ዘሊካ ከግድግዳው ፈቀቅ አለች።

«ወንድምህ ደላላውን ከቅጽል ስሙ አወቀው» አለች ስንቅነሽ ቀስ ብላ። «አሥር ቀን እህል አልወርድ ያለው ለዚህ ነው። ትናንት ጠርቶህ ለፖሊስ እናገራለሁ አለህ?»

«ራስህ ተናገር ነው ያለኝ» አለ ሚልዮን። ድምፁ ተሰብሯል። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ ዞሮ ዕቃውን መነካካት ጀመረ። ለነዚያ ለማይታዩት እያወራ። ለኔ ጀርባውን ሰጥቶ።»

አብዱልወሃብ በምልክት አዘዘ። ካቴናው ከዘሊካ እጅ ወጥቶ ሚልዮን እጅ ላይ ገባ። «በያት፣ ነፃ ናት፣ ትሂድ» አለ ለስንቅነሽ።

ዘሊካ አልሄደችም። አንጓዋን እያሸች ክፍሉን አቋርጣ፣ አቧራውን ረግጣ፣ በገንዳው ጎን አልፋ ሚልዮን ፊት ቆመች።

«ወንዝ ነው የወሰዳት?»

ሚልዮን መሬት መሬት አየ። «ወንዝ አልደረስንም። ቡታና ሜዳ ላይ መኪናው ተበላሸ። ዕቃ ይዤ እመለሳለሁ ብያቸው ሄድኩ።»

«ተመለስክ?»

ሚልዮን ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ስትሄድ በሕይወት ነበረች?»

«አዎ። ሁሉም ነበሩ። ውሃ ትቼላቸዋለሁ።»

«ምን ያህል?»

«አንድ ጀሪካን።»

«ስንት ሰው?»

ፖሊሱ እስረኛውን ሊወስድ ክንዱን ሳበ። ስንቅነሽ በዓይኗ ከለከለችው።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ሚልዮን።

ነቂቡ አማርኛ አይሰማምና ወደ አስተርጓሚዋ ዞረ። «ምን አለ?»

ስንቅነሽ ከመተርጎሟ በፊት፣ ዘሊካ ዓይኗን ከሚልዮን ፊት ሳትነቅል በራሷ ስብርብር ዐረብኛ መለሰች።

«አሥራ ዘጠኝ ሰው ጥሎ ሄደ አለ። ጻፈው። የመጀመሪያዋን ስም እኔ እነግርሃለሁ።»